ለሃርድ ቶፔ ቱርቦ ያስገጠምኩበት የዓባይ ማዶው ጋራዥ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን ዳገት የነዳ ሰው ነገሬ ቶሎ ይገባዋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙን ግራና ቀኝ እያያችሁ በአምስተኛ ማርሽ ትፈስሳላችሁ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ጭነት ካለ ደግሞ ሁለተኛ። ከኋላ ጥቁር ጭስ። ተከትሎኝ የሚመጣው ሚኒባስ መስኮቱን ሲዘጋ በስፖኪዮ አየዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነድቻለሁ።

መኪናዬ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ናት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። ቱርቦ ማለት በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ቶዮታ ይህን ሞተር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሹፌሩ ሁሉ «አይሞትም» ይለዋል፤ እውነት ነው። ጉልበቱ ግን 130 ፈረስ ገደማ ናት። ያውም በባሕር ጠረፍ ስትለካ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ነፋስ መውጫ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችኋል፤ እዚያ ወደ ሲሶ የሚጠጋው የለም። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የምትረጨው ፖምፓ ግን ይህን አታውቅም። የኔዋ የከፍታ ማስተካከያ የላትም፤ ናፍጣውን እንደ ወትሮው ትሰጣለች። አየር ያጣ ናፍጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በማርሚታ የሚወጣው ገንዘቤ ነበር።

የምተዳደረው የመስክ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን በማመላለስ ነው። ቀያሾች፣ የውሃ ጉድጓድ አጥኚዎች፣ አንዳንዴ ጎብኚዎች። ውስጥ ስምንት ሰው፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳንና ጄኔሬተር። ሸጬያት ጉልበት ያላት ልግዛ ብዬም አስቤ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን የላንድክሩዘር ዋጋ አይቀመስም። ደግሞ ይህችን መኪና እወዳታለሁ። ሁለቱንም ልጆቼን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣሁት በሷ ነው። ስለዚህ ቱርቦ ላስገጥምላት ወሰንኩ።

ሥራውን የሠራልኝ ጋራዥ ዓባይ ማዶ፣ ከጎንደር መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ያመሰገንኩትንም ያዘንኩበትንም ግን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ታናሽ ወንድሜ ላውራ፤ ያለሱ ታሪኩ አይሟላም። የሚኖረው አሜሪካ ነው። የ1993 ሞዴል ማዝዳ አርኤክስ-7 አለችው። የሷ ሞተር ፒስተን የለውም። ጀርመናዊው ፌሊክስ ዋንከል ያፈለቀው፣ ሮታሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ሁለት ሮተር አላት፤ እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ አንድ ላይ 1.3 ሊትር። ከፋብሪካ ስትወጣ ተራ በተራ የሚሠሩ ሁለት ቱርቦዎች ነበሯት። አንዱ በዝቅተኛ ዙር ይጀምራል፤ ዙሩ ወደ 4,500 ሲጠጋ ሁለተኛው ያግዘዋል። ሁለቱን የሚያቀባብሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ግን የሸረሪት ድር ናቸው። ከሙቀቱ ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አንዷ ስትሰነጠቅ ሥርዓቱ በሙሉ ይዛባል። ወንድሜ ሁለቱንም አውጥቶ አንድ ትልቅ ቱርቦ አስገባ። ጭሱን ከሞተሩ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰውን ቧንቧ፣ ማኒፎልዱን፣ በልክ አሠራ፣ የነዳጅ መርጫዎቹን በትልልቅ ቀየረ፣ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ አስተካከለ። ሁለት ዓመት ፈጀበት።

አንድ ሞተርም በልቷል። ትርፉን ጭስ በጎን የሚያስተነፍሰው በር፣ ዌስትጌት የሚሉት፣ ጠበበ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም ጭሱን ማሳለፍ አቃተው። ግፊቱ ቀስ እያለ ካሰበው በላይ ወጣ። ነዳጁ አልደረሰለትም። ቤንዚኑ ያለጊዜው ፈነዳና የሮተሩ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው አፔክስ ሲል ተሰበረች። አንዲት ቀጭን የብረት ማሸጊያ ናት። ብዙ ሮታሪ ሞተር የሚሞተው በሷ ነው። ወንድሜ ያን ቀን ደውሎልኝ ድምፁ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር።

አማካሪዬ እንግዲህ ይህ ሰው ነው። ሐሳቤን ስነግረው መጀመሪያ ያለኝ «ትልቁን አስገባ፤ ትንሹ ያንቃታል» ነው። በሁለተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ራሱ ደወለ። «ያልኩህን ተወው፤ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ» አለኝ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሮታሪው ዋናው ዘንግ አንዴ በዞረ ቁጥር 1.3 ሊትር አየር ይስባል። በደቂቃ 7,000 ዙር ሲሽከረከር 9,150 ሊትር ገደማ ይመጣል። የኔው ናፍጣ ባለ አራት ምት ነው፤ 4.2 ሊትሩን ለመሳብ ሁለት ዙር ያስፈልገዋል። እኔ ዳገት የምወጣው በ3,000 ዙር አካባቢ ነው። 6,250 ሊትር ገደማ ይሆናል። ያቺ የምታክል 1.3 ሊትር ሞተር ከኔ 4.2 ሊትር ይበልጥ አየር ትበላለች ማለት ነው! እስከ 8,000 ዙር ትሄዳለች፤ የኔዋ ግን ጉልበቷ 3,800 ላይ ያበቃል። በዚያ ላይ ሮታሪ ቫልቭ የለውም። የጭሱ በር ድንገት ነው የሚከፈተው፤ ጭሱም በጣም ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ትልቁን ቱርቦ የሚያሽከረክረው ያ ነው። «የኔ ቱርቦ ያንተ ሞተር ላይ ቢገባ፣ ገና ሲነቃ አንተ ማርሽ ቀይረህ ጨርሰሃል» አለኝ። ትንሽ፣ በ1,600 እና በ1,800 ዙር መሃል የሚነሳ ቱርቦ ፈልግ ብሎ ዘጋው።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። ሁለቱ ኮፈን ሳይከፍቱ ዋጋ ነገሩኝ። አንደኛው «ሁለት መቶ ፈረስ አደርግልሃለሁ» አለኝ። የዓባይ ማዶው ግን ጥያቄ አበዛ። የት የት ትነዳለህ? ስንት ሰው ትጭናለህ? ቴስታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ወርዶ ያውቃል? ሞቃብህ ታውቃለች? ከዚያ «ነገ ጠዋት አምጣት፤ መጀመሪያ ኮምፕረሽን እንለካለን» አለኝ። ሲሊንደሮቹ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቁ ማለቱ ነው።

በማግስቱ ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁትን ስድስቱንም ካንዴሌታ አውጥቶ በቀዳዳቸው በየተራ ለካ። ቁጥሮቹን በፊልትሮ ካርቶን ክዳን ላይ ጻፋቸው። ስድስቱም ተቀራራቢ ነበሩ። «ይህች ትችላለች» አለ። ባይቀራረቡስ ኖሮ? አልኩት። «መጀመሪያ ሞተሩን አሠርተህ ና እልህ ነበር።» ልቤ እዚህ ላይ ነው የተቀመጠው። ሥራ እየፈለገ ሥራ ሊያባርር የተዘጋጀ ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አንድ አሮጌ ቴስታ ተቀምጧል። የዋን ኤች ዜድ ነው። «ወንድም ዓለም፣ ቅረብ» አለኝ። በሁለት ቫልቮች መሃል ያለችውን ቦታ በጨርቅ ጠረገና በጥፍሩ ጫረ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት አየኋት። ከአንዱ ቫልቭ መቀመጫ ተነስታ ሌላኛው ጋ ደርሳለች። «ይቺም ቱርቦ ተገጥሞላት ነበር» አለ። «ባለቤቱ ጉልበት ብሎ ፖምፓውን አስከፈተ። ጌጅ አልነበረውም። ሲነዳት ደስ ትል ነበር፤ አምስት ወር።»

ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። ቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጅ ሲያንስ ነው አደጋው፤ የወንድሜን ሮታሪ የገደላት እሱ ነው። ናፍጣ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ናፍጣ በበዛ ቁጥር ጭሱ ይግላል፤ ግለቱ ቴስታውንና ፒስተኑን ይበላል። ዋን ኤች ዜድ ደግሞ ሲሠራ ለቱርቦ አልታሰበም። አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ነው የሚያምቀው፤ ናፍጣውም መጀመሪያ የሚቃጠለው ቴስታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ሙቀቱ እዚያ ይጠራቀማል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ካልተቀበልክ ሌላ ቦታ ሂድ አለኝ። አንደኛ፣ ግፊቱ ከ0.5 ባር አያልፍም። ሁለተኛ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገባል፤ ጫፉም ከቱርቦው በፊት ማኒፎልዱ ላይ ይቀመጣል። ከቱርቦው በኋላ ካስቀመጥከው የቀዘቀዘውን ነው የሚያሳይህ አለኝ። 700 ዲግሪ የመጨረሻው ወሰን ነው።

0.5 ባር ስትሰሙ ትንሽ መስሏችሁ ይሆናል። ለኔም መስሎኝ ነበር። ባሕር ዳር ላይ የተፈጥሮ አየሩ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። ቱርቦው 0.5 ሲጨምርበት 1.3 ይሆናል። ከ0.5ቱ 0.2ው ከፍታው የወሰደብንን መመለሻ ነው፤ የቀረው ነው ትርፉ። አሰብ ወይም ጅቡቲ ላይ ቢሆን ያው 0.5 ወደ 1.5 ያደርሳት ነበር። ደግሞ እኛ ጋ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ የሚስበው አየር ስስ ነዋ። ትንሽ ቱርቦ በትልቅ ግፊት ማስጨነቅ ያልፈለገውም ለዚህ ነው።

ቱርቦው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው የመጣው። ያገለገለ ነው፤ አዲሱን አቅሜ አልቻለም። የመጀመሪያውን መለሰው። ሲፈትሸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዘንጉን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ገፋ፤ እንደገፋውም ቀስ አድርጎ አዞረው። ጆሮውን አስጠጋ። አንዲት የምትፋቅ ድምፅ፣ ሺር የምትል። «ክንፉ ግድግዳውን ይነካል» አለና ካርቶኑ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። ያቺ ዘንግ በሥራ ላይ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ትሽከረከራለች። በእጅ ሲያዞሯት የምትነካ፣ በመቶ ሺህ ዙር ምን እንደምትሆን አስቡት። ሁለተኛው ከስድስት ቀን በኋላ መጣ፤ እሱ ንጹሕ ነበር።

ማኒፎልዱ የዚህ ሥራ ጌጥ ነው። ጋራዡን የምመክረው በዋናነት በሱ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቧንቧ ቆርጠው፣ ከቴስታው ጋር የሚጋጠመውን ብረት ደግሞ ከ12 ሚሊ ሜትር ላሜራ አወጡ። ከዚያ ያን የተሰነጠቀ አሮጌ ቴስታ አመጡት። ብረቱን በሁሉም ቡሎን አሰሩበት፤ አስረው በየዱት። ረጅም ብረት ሲበየድ ይጠመዘዛል። ቴስታው ላይ ታስሮ ካልሆነ እንደ ጣና ታንኳ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል። ብየዳው በአርጎን ነው። ልጁ አንድ ጎን አራት ሴንቲ ይበይዳል፣ ይተዋል፣ ሌላው ዳር ሄዶ አራት ሴንቲ ይበይዳል። አንድ መስመር ለመጨረስ አይቸኩልም። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። እንዲያም ሆኖ ከፈቱት በኋላ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተጣሞ ነበር፤ ቶርኖ ቤት ወስደው ፊቱን አስተካከሉት። ዳርና ዳር ያሉትን የቡሎን ቀዳዳዎች ሰፋ አደረጓቸው። ለምን? ስል «ሲግል ይረዝማል፤ መንቀሳቀሻ ካላገኘ ይሰነጠቃል» አለኝ ልጁ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። ዋናውን መካኒክ «ጋሼ» እያለ ሲጠይቅ፣ ሲለካ፣ ሲያጠራ ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር።

አሁን ቅሬታዬን።

«አሥር ቀን» ነበር ያሉኝ። ሠላሳ አንድ ቀን ሆነ። የመብራት መጥፋቱን እረዳለሁ። የአርጎን ጋዝ ማለቁንም እረዳለሁ። ሳይደውሉልኝ መቅረታቸውን ግን አልረዳም። ሁለት የመስክ ሥራ አመለጠኝ፤ አንዱ የአሥራ አራት ቀን ነበር። በየሁለት ቀኑ ከሽምብጥ በባጃጅ እየሄድኩ እኔው ነኝ የምጠይቀው። «ነገ» ይሉኛል። ሰው ገቢውን አምኖ ሰጥቷችሁ «ነገ» አይባልም። ቁርጡን ብትነግሩኝ ሌላ መኪና ተከራይቼ ሥራዬን እሠራ ነበር። ፊት ለፊት ተናግሬያቸዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

የተረከብኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ግቢው ውስጥ ስትነሳ ሁሉም ሥራ አቁሞ ከበባት። ነዳጅ ስሰጣት ያቺ ቀጭን ፉጨት መጣች። ወንድሜን በቪዲዮ ደውዬ አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰማና «ጤነኛ ናት» አለኝ።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሃል ላይ ስደርስ በስፖኪዮ ሰማያዊ ደመና አየሁ። ያ 380 ሜትር ድልድይ፣ ማታ ማታ ሰው ንፋስ ሊቀበል የሚሄድበት፣ ፎቶ የሚነሳበት፣ በኔ ጭስ ተሸፈነ። ፎቶ ሲነሱ የነበሩ ሙሽሮች ነበሩ፤ ነጭ ልብሷን ሰብስባ ስትሸሽ አየኋት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ይቅርታ ለማለት መቆም እንኳ አልቻልኩም።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሞተሩ አልቆ መስሎኝ እጄ ቀዘቀዘ። አዙሬ መለስኳት። ችግሩ የተገኘው በሃያ ደቂቃ ነው። ቱርቦው ዘይት የሚያገኘው ከሞተሩ በግፊት ነው። ዘይቱ የሚመለሰው ግን በግፊት አይደለም፤ በራሱ ክብደት ወርዶ ነው። ስለዚህ የመመለሻው ቱቦ ወፍራም ሆኖ ሳይጎብጥ ቁልቁል መውረድ አለበት። እነሱ የሠሩት ቱቦ በአንድ የብረት ማቀፊያ ዙሪያ ሲያልፍ ሆዱ ወደ ታች ወርዶ መልሶ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ዘይቱ እዚያ ተኛ። መውጫ ያጣ ዘይት በቱርቦው ማሸጊያ በኩል ወደ ጭሱ ገባ። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለ ማኒፎልድ ከሠራ እጅ የማይጠበቅ። ዋናው መካኒክ ሰበብ አላበዛም። «ያንተ ጥፋት የለበትም፤ የኔ ነው» አለ። ማቀፊያውን ቆርጦ አዛወረው፣ ቱቦውን በወፍራም ቀየረ፣ ዘይቱንም በራሱ ወጪ ሞላው። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ ዘይት አላየሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ከማኒፎልዱ አጠገብ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለጠ። የሙቀት መከለያ አልሠሩለትም ነበር። ሽቦውን ጠግነው ራቅ አድርገው አሰሩት፤ መከለያውን «እንሠራልሃለን» አሉ። በዚያው ሰሞን ፍሪሲዮኗ መንሸራተት ጀመረች። በዚህኛው አልወቅሳቸውም። ያረጀች ፍሪሲዮን አዲሱን ጉልበት እንደማትሸከም ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ብር ልቆጥብ ብዬ የተውኩት እኔ ነኝ።

ወደ ፈተናው። የመጀመሪያውን ያደረግነው ቤዛዊት ዳገት ላይ ነው። መካኒኩ ጎኔ ተቀምጦ ዓይኑን ከጌጆቹ አልነቀለም። ፖምፓዋን ጨርሶ አልነካትም። «ናፍጣው ድሮም በዝቶ ነበር፤ የጎደለው አየሩ ነው» አለ። በሁለተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ግፊቱ 0.5 ደርሶ እዚያው ቀጥ አለ። የወንድሜን ሞተር የበላው ዓይነት ሾልኮ መውጣት የለም፤ ደጋግመን አየነው። የጭሱ ሙቀት 560። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ጥቁር ጭስ የለም። ፖምፓዋ ሳትነካ፣ አየር ስላገኘች ብቻ!

ከዚያ ደብረ ታቦር። ስድስት ሰው፣ ሙሉ ዕቃ። በፊት በሦስተኛ፣ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የምወጣበትን ቦታ በአራተኛ በ55 ወጣሁት። ሙቀቱ 620 ነበር። የጉናን ትከሻ ይዤ ወደ ነፋስ መውጫ ስወጣ 650 አየሁ፤ እግሬን ትንሽ ሳነሳ ወዲያው ይወርዳል። ጌጁ ባይኖር ይህን በምን አውቅ ነበር? አሁን ዓይኔ ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ እሱ ላይ ነው የሚውለው። ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ትጠጣ የነበረችው በዚያው መንገድ ደርሶ መልስ 13.5 ሆነችልኝ። ፉጨቷን ለመስማት በየሜዳው ከረገጥኳት ግን ያቺ ትርፍ የለችም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ወር ሲሞላኝ ጠገብኩ። «ትንሽ ፖምፓዋን ክፈትልኝ» ብዬ መካኒኩን ለመንኩት። እንቢ አለ። ሦስቴ ለመንኩት። በመጨረሻ «እሺ፣ በዓይንህ እይ» አለኝ። የፖምፓዋ ቡሎን የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ፤ ናፍጣው እንዲጨምር አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ አጠበቀው። ቤዛዊት ወጣን። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ ትል ነበር። መርፌዋ ግን 640፣ 670፣ 700 እያለች አልቆም አለች። 710 ላይ መካኒኩ ጉልበቴን በእጁ ነካኝ። ዳር አስያዘኝ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቡሎኑን ወደ ነጩ ምልክት መለሰው። ምንም አልተናገረም። ያ ጥግ ላይ ያለው ቴስታ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም።

ወጪውን ለምትጠይቁኝ፦ ቱርቦው 85,000 ብር፣ ሁለቱ ጌጆች 14,000፣ ማኒፎልዱና የቧንቧው ሥራ 60,000፣ የእጅ ደግሞ 40,000። 199,000 ብር መሆኑ ነው። ፍሪሲዮኑ ለብቻው 38,000 አስወጣኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ በደብተር ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ ይህንንም ያስተካክሉ። ለዚህ ሥራ የእጅ ዋጋው አይበዛም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን አልመክረውም። ከፔዳ ፓፒረስ፣ ከፓፒረስ ገበያ ለሚመላለስ ቱርቦ ምንም አይጨምርለትም። ሞተሩ የደከመበት፣ ቴስታው አንዴ የሞቀበት ሰውም ይተወው። ዳገት ለሚበላው፣ ጌጅ ለሚያይ፣ ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለሚቀይር፣ ከዳገት ወርዶ ቁልፉን ከመንቀሉ በፊት ሁለት ደቂቃ ለሚታገስ ግን እነዚህ ልጆች ጋ ይሂድ። የቀጠሯቸውን ቀን በሦስት አባዝቶ ይሂድ። የዘይት መመለሻውን ቱቦም ከመረከቡ በፊት ጎንበስ ብሎ ይየው።

የሙቀት መከለያው እስካሁን አልተሠራም። ሦስት ጊዜ «ነገ» ተብያለሁ። ላሜራውን ራሴ ገዝቼ ፖርቶ መጋላው ላይ አስሬዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት በራቸው ላይ ነኝ፤ ተበይዶ ካልተገጠመ ከግቢው አልወጣም።